በፀደይ ወራት ባሕር ማዶ ስለሚታዩ ወፎች ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ወይም ምረቃ ሊያዩ ወደ ዋሽንግተንና አካባቢው የሚጓዙ ወላጆች፣ በመስኮት እንግዳ ወፍ ባዩ ቁጥር በኮምፒውተር ስብሰባ ላይ ያለ ልጃቸውን “ና እስቲ፣ ይኼ ምንድን ነው?” እያሉ በማስቸገራቸው፤ “ይኼማ እኛም አገር አለ” የሚለው ክርክርም የስንቱን ቤት እራት ያቀዘቀዘ በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስና ትርጓሜ
ይህ አዋጅ “የወፍ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ማንም ባይጠቅሰውም ቅር አይለንም። “ተጓዥ” ማለት በሻንጣው በርበሬና ሽሮ ይዞ የገባ ሰው ነው። “ወፍ” ማለት ላባ ያለው ሁሉ ሲሆን፣ ለእራት የቀረበ ዶሮን አይጨምርም።

አንቀጽ 2፤ ስለ ቀዩ ወፍ
ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው። ስሙ ካርዲናል ይባላል፤ ቨርጂኒያን ጨምሮ 7 ግዛቶች የግዛታቸው ወፍ አድርገው መርጠውታል። ከጉትያው እስከ ጅራቱ የቀላው ወንዱ ነው። ሴቷ ቡናማ ሆና ጉትያዋ፣ ክንፏና ጅራቷ ብቻ ቀላ ይላል። ስለሆነም ባልና ሚስቱን አይቶ “ዛሬ ሁለት ዓይነት ወፍ አየሁ” ማለት ክልክል ነው። ብርዱንም እዚያው ስለሚከርም “እንደኔው እንግዳ ነው” ብሎ ማዘን አያስፈልግም።

በፀደይ ወንዱ ክልሉን ሲጠብቅ በመኪና የጎን መስታወት ውስጥ የራሱን መልክ ያይና ባላንጣ የመጣበት ይመስለዋል። ጉትያውን አቁሞ መስታወቱን በመንቁሩ ይወጋል፤ በእግሩ ይራገጣል፤ ትንሽ አረፍ ይልና ይመለሳል። በሩ ሁሉ ኩስ በኩስ ይሆናል። ተጓዡ መስታወቱን በፌስታል ወይም በአሮጌ ካልሲ ይሸፍን። ሁለቱም ተከራካሪዎች እሱው ስለሆኑ ሽማግሌ መላክ ዋጋ የለውም።

አንቀጽ 3፤ በሌሊት ስለሚዘፍነው
የሰዓት ለውጥ እንቅልፍ የነሳው ተጓዥ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከአንድ ዛፍ የአሥር ወፍ ድምፅ ቢሰማ ጠበል ጠበል አይበል። ሞኪንግበርድ ነው። የሌሎችን ዜማ እየቀዳ ይደጋግማል፤ የመኪና ማንቂያ ጩኸት እንኳ አይቀረውም። እንዲህ ሌሊቱን የሚያነጋው ብዙውን ጊዜ ሚስት ያላገኘ ወንድ ነው። ተጓዡ ይህን ከተረዳ በኋላ ላላገባ ልጁ በቁርስ ሰዓት በምሳሌነት መጥቀስ የለበትም።

አንቀጽ 4፤ “እኛም አገር አለ” ስለማለት
ድንቢጥ አይቶ “ይቺማ የኛ ናት” ማለት አንድ ጊዜ ብቻ ተፈቅዷል። እዚያ በየመኪና ማቆሚያው ፍርፋሪ የምትለቅመው ድንቢጥ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ወደ ብሩክሊን የመጡት ዘር ናት። በ1890 ደግሞ 60 ያህል ስታርሊንጎች ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ተለቀቁ፤ ዛሬ አገሩን ሞልተውታል። ወረቀት የጠየቃቸው የለም። ይህ ግን ኤርፖርት ላይ ፓስፖርት ለሚያየው ሰው የሚነሳ ክርክር አይደለም።

አንቀጽ 5፤ ስለ ላባ
በ1918 በወጣ የአሜሪካ ሕግ መሠረት የአብዛኞቹን የአገሬው ወፎች ላባ፣ ጎጆ ወይም እንቁላል ያለ ፈቃድ መያዝ ያስቀጣል፤ መሬት ወድቆ የተገኘ ላባም ቢሆን። በዚህ አዋጅ ውስጥ ፌዝ ያልሆነው ይህ አንቀጽ ነው።

አንቀጽ 6፤ ስለ ማስረጃ
ክርክር ሲነሳ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል ያዘጋጀው ሜርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ ድምፁን ሰምቶ ስሙን ይናገራል። እስኪሰማ ድረስ በአካባቢው ያሉ ዘመዶች ወሬ ያቆማሉ። ተፈጻሚነቱ ያጠራጥራል።

አንቀጽ 7፤ ከጉዞ መልስ ስላለ ግዴታ
የቀዩን ወፍ ፎቶ ለጎረቤት ማሳየት የሚፈልግ፣ አስቀድሞ በየማለዳው በአዲስ አበባ ጣሪያ ላይ እየጮኸች የምታልፈውን፣ መንቁሯ እንደ ማጭድ የጎበጠውን፣ ጉሮሮዋ ላይ ሥጋ ያንጠለጠለችውን ትልቅ ወፍ በስሟ ይጥራ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም የትም አትገኝም፤ እሷንና መሰሎቿን ለማየት ፈረንጅ ትኬት ቆርጦ ይመጣል። ስሟን መጥራት ያቃተው ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልስ።

አንቀጽ 8፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 የጸና ይሆናል። ሰኔ 26 ክረምት ይገባል፤ ትኬት ማራዘም አይፈቀድም።