ከርከሮ ሲያማልድ

ጎልፍ ምሕረት የማያውቅ ጨዋታ ነው። ነፋስ ኳስህን አዙሮ ቢወስድብህ ምቱ ይቆጠርብሃል። ልትመታ ስትል ጓደኛህ ቢያስነጥስ ይቆጠርብሃል። የቤት ኪራይ ትዝ ብሎህ እጅህ ቢንቀጠቀጥም ያው ነው። የሕጉ መጽሐፍ ይቅር የሚላቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ከጥቂቶቹም መካከል ደስ የሚለው አውሬ ነው።

ይህን ያወቅሁት ደቡብ አፍሪካ ነው። ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ስኩኩዛ በሚባለው ቦታ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. ለፓርኩ ሠራተኞች ተብሎ የተሠራ ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ አለ። አጥር የለውም። ክሩገር ደግሞ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው የአንበሳ፣ የዝሆን፣ የነብርና የጎሽ አገር ነው፤ ስለዚህ ደስ ያለው ሁሉ ሰተት ብሎ ይገባል። ሰው ግን ዱላውን ከማንሣቱ በፊት «አንዳች ነገር ቢደርስብኝ ተጠያቂው እኔው ነኝ» የሚል ወረቀት ላይ ይፈርማል። አውሬዎቹ አይፈርሙም።

የወሰደኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ጆሃንስበርግ፣ ጂፒ በሚባለው ሰፈር፣ ሱቅ አለው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። በበላ ልበልሃ ዘመን ቢወለድ ኖሮ ኩታውን አጣፍቶ፣ ከዘራውን እየሰበቀ ዛፍ ሥር ሲሟገት የሚውል ሰው ነበር። ጊዜው አልፎበት ስለተወለደ ጎልፍ ያዘ። ከጨዋታው ይልቅ ሕጉን እንደሚወደው ያወቅሁት፣ ከዱላዎቹ ቀድሞ ስልኩ ውስጥ ያለውን የሕግ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ነው። እኔ ቦርሳ ተሸካሚ ነበርኩ።

ገና ከመጀመራችን ከርከሮዎች በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው ሣሩን ሲግጡ አገኘናቸው። ጋሼ መታ። ኳሷ ተንከባልላ ሄዳ ከርከሮ በአፍንጫው የማሰው ጉድጓድ ውስጥ ዘው አለች። እኔ «ወይኔ!» ስል እሱ ፊቱ በራ።

«እንስሳ የቆፈረው ነው፤ ያለ ቅጣት አውጥቼ ከጎኑ እጥላለሁ!» አለና ለከርከሮዎቹ እጅ ነሣ።

ወደ ውሃው ስንጠጋ ግን ዕድሉ ዞረ። ኳሷ የጉማሬ ኮቴ ውስጥ ተቀመጠች፤ እንደ ሽሮ ድስት የሰፋ ኮቴ ነበር። ጋሼ በደስታ ስልኩን አወጣ፣ አነበበ፣ ዝም አለ። ነገሩ ለካ ሕጉ ይቅር የሚለው የተቆፈረን ጉድጓድ ነው፤ ኮቴ ቁፋሮ አይደለም። ከርከሮ በአፍንጫው ሲጭር ያማልድሃል፣ ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ የሚመዝን ጉማሬ ሲረግጥ አያማልድህም። ጋሼ ጭቃውን ደጋግሞ ሲገርፍ ጉማሬው ከውሃው ውስጥ ጆሮውን ብቻ አውጥቶ ያዳምጥ ነበር።

ቀጥሎ ጦጣዎች መጡ። ጋሼ ኳሷን አሳምሮ ልኳት ስንደርስ ቦታው ባዶ ነው፤ ዛፉ ላይ ግን ግርግር አለ። ሕጉ ለዚህም መልስ አለው፦ እንስሳ ከወሰደው ሌላ ኳስ በቦታው ታስቀምጣለህ፣ ቅጣትም የለብህም። በ1998 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ፣ በትልቅ ውድድር ላይ፣ የአንድ ተጫዋችን ኳስ አንዲት የባሕር ወፍ ከሣሩ ላይ አንሥታ ውሃ ውስጥ ጥላበት እንዲሁ ተደርጎለታል። የእሱን ግን ሕዝብና ቴሌቪዥን አይተውለታል። «ሳይወስዱብኝ አይቀሩም» ማለት አይበቃም፤ ቢያንስ 95 በመቶ እርግጠኛ መሆን ያስፈልጋል ይላል መጽሐፉ። እርግጠኛ ካልሆንክ ኳሱ እንደጠፋ ተቆጥሮ፣ ተቀጥተህ፣ ከተነሣህበት ቦታ እንደገና ትመታለህ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። «አይተሃል አይደል?»

«ጅራቷን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ጅራቷ ስንት በመቶ ይሆናል?»

ተሟገትን። ጅራት ከጦጣ ምን ያህሉ እንደሆነ ስንተምን፣ ባለቤቷ ከዛፉ ላይ ቁልቁል አይታን ኳሷን ነክሳ ጣለቻት። ምስክር ሆና የቀረበችው እሷው ነበረች።

እንዲያም ሆኖ ነጥቡ አላማረም። ያን ጊዜ ነው ጋሼ ትልቁን ይቅርታ መመኘት የጀመረው። አደገኛ አውሬ ኳስህ አጠገብ ካለ፣ ያለ ቅጣት ደኅና ቦታ ላይ ጥለህ እንድትመታ ሕጉ ይፈቅዳል። መጽሐፉ መርዘኛ እባብ፣ ንብ፣ አዞና ድብ እያለ ይዘረዝራል። ሌላው ተጫዋች አውሬ እንዳይገጥመው ይጸልያል፤ የእኔው ጋሼ ሣር ውስጥ በስስት ይፈልግ ጀመር።

በመጨረሻ ኳሷ እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ልንጠጋ ስንል ከውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ከዚያም ከበድ ያለ ትንፋሽ። እኔ ቦርሳውን ጥዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ጋሼ ባለበት ቆሞ ስልኩን አወጣ።

«ወዳጄ፣ ዳንን!» አለ በሹክሹክታ። ንባቡን ሲጨርስ ግን ፊቱ ጠቆረ። ኳሷ ቁጥቋጦው ውስጥ ስላለች መጀመሪያውኑ መምታት የማትችል ከሆነ አውሬው አይቆጠርም ይላል።

«አንበሳ ቢሆንስ?» አልኩት ከሩቅ።

«አንበሳም ቢሆን! እሾሁ ቀድሞታል።»

የቅጣቷን ምት ጻፈ። ቁጥቋጦው ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ለማጣራት ሁለታችንም አልቆየንም።

መኪና ውስጥ ስንገባ ለሕግ አውጪዎቹ፣ ስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሩስ ድረስ የሚላክ አቤቱታ ያስጽፈኝ ጀመር። አንደኛ፣ የጉማሬ ኮቴ እንደ ቁፋሮ ይታይልን። ሁለተኛ፣ እሾህና አንበሳ አንድ ቦታ ሲገኙ የትኛውን እንደሚፈራ ተጫዋቹ ራሱ ይምረጥ። ሦስተኛ፣ አውሬ በሚተነፍስበት ቁጥቋጦ ፊት ቆሞ ይህን ሕግ እስከ መጨረሻው ላነበበ ሰው አንድ ምት ይቀነስለት።