ይድረስ ለሚኒስቴሩ ታፔላ

ቁጥር፦ መዝገብ ቤት ይሙላው
ቀን፦ አዲሱ ማኅተም ተቀርጾ የመጣ ዕለት

ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ታፔላ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የቤተሰብን አድራሻ ስለመጠየቅ

ክቡር ታፔላ፣

ደብዳቤዬን በቀጥታ ለእርስዎ ማድረሴ የበላይ አካልን እንደ መናቅ እንዳይቆጠርብኝ። መጀመሪያ ለሚኒስትር ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ሚኒስትር ይሾማል፣ ይሻራል። ለክፍሉ ኃላፊ ልጽፍ አልኩ፤ መምሪያ የነበረው ዳይሬክቶሬት ሆኖ፣ ዳይሬክቶሬቱ ደግሞ መሪ ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ ጠበቀኝ። ታፔላ ግን በብሎን የታሰረ ነገር ነው፣ የትም አይሄድም ብዬ ወደ እርስዎ መጣሁ። የሕይወት ታሪክዎን ሳገላብጥ ከሁሉም የባሱ ተንቀሳቃሽ ሆነው አገኘሁዎት።

በ1998 ዓ.ም. የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ተብለው ተሰቀሉ። በ2003 ሕፃናትና ወጣቶች ተጨመሩልዎ። በ2008 ወጣቶቹ ከስፖርት ጋር ሊኖሩ ጥለውዎት ወጡ። በ2011 ስፖርትን ፈትተው ተመለሱ። በ2014 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1263 የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ለሁለት ተከፈለና ሥራው ከክህሎት ጋር ሄደ፣ ማኅበራዊ ጉዳዩ ወደ እርስዎ መጣ። ያን ጊዜ ሕፃናትና ወጣቶች ከላይዎ ወረዱ። ስማቸው ወረደ እንጂ ሥራቸው አልቀረም፣ ከኃላፊነቱ ዝርዝር ውስጥ አሉ ይሉኛል፤ አምናለሁ። መቼም እንግዳ ሲመጣ ከአልጋ ወርዶ መሬት የሚተኛው ልጅ ነው። የአዲስ አበባው ቢሮ ግን አልጨከነም፤ እስካሁን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ነው። አንድ ሕፃን ከከተማ አስተዳደሩ ወደ ፌዴራል ቢሻገር ስሙ መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መውጣትና መግባት መሀል አንድ የቀረ አለ፤ ቤተሰብ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የኅብረተሰብ መሠረት ነው፣ የመንግሥት ጥበቃ ይገባዋል ብሎ የጻፈለት እሱ ራሱ። ክቡርነትዎ ላይ አንድ ቀን እንኳ ተሰቅሎ አያውቅም። ለማኅተሙ ክብ የማይበቃ ረጅም ቃል ነው እንዳንል፣ ከማኅበራዊ ጉዳይ ያጥራል።

አንድ የገጠር ቤት እንውሰድ። እናትና አባት፣ ሦስት ልጆች፣ አንዲት አያት፤ ምድጃው አንድ። አባትየው በሴፍቲኔት የማኅበረሰብ ሥራ እርከን ይቆፍራል፤ ስለዚህ የግብርና ሚኒስቴር ነው። ከ1997 ጀምሮ ልማታዊ ሴፍቲኔቱን የሚመራው ግብርና ነውና። እናትየውም አብራው ትቆፍራለች፤ ስታረግዝ ግን ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ወደሚባለው መደብ ትዛወራለች፤ ልጁ ጠና ሲል አካፋዋ ይመለስላታል። (በዚህ አገር ያለ ማመልከቻ የሚፈጸም ብቸኛው ዝውውር ይህ ሳይሆን አይቀርም።) አያት መሥራት ስለማይችሉ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ላይ ናቸው፤ አሳቢያቸው ማኅበራዊ ጉዳይ ነው፣ ስማቸው የተጻፈበት ፕሮግራም ግን የግብርና ነው። ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት ከተመገበ ምሳው የትምህርት ሚኒስቴር ነው። ቢታመሙ መድኅናቸው ጤና ሚኒስቴር ዘንድ ነው። ድርቅ ከመጣ ሁሉም ባንዴ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ይሆናሉ። መሮአቸው ከተማ ቢገቡስ? የከተማውን ሴፍቲኔት፣ ያን በ2009 በ11 ከተሞች የተጀመረውን፣ የሚመራው የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ነው። አባትየው አካፋውን ጥሎ መጥረጊያ ሲይዝ ሚኒስቴሩ አብሮ ይለወጣል።

ማታ ላይ ስድስቱ በአንድ ትሪ ከበው ሲበሉ በመካከላቸው ያለ ምንም ቃለ ጉባኤ ዘርፈ ብዙ ቅንጅታዊ አሠራር ተፈጥሯል። ይህን አሠራር ከላይ ለማምጣት አውደ ጥናት ያስፈልጋል፤ ለአውደ ጥናቱ አበል፤ ለአበሉ አዳማ።

ከሁሉ የምወድላችሁ ምረቃውን ነው። የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ጊዜው ሲደርስ ይመረቃል። ከተማ ላይ ከምንዳው ከመቶ 20 እጁን ሲቆጥብ ይቆይና፣ የመቋቋሚያ ገንዘብ ተጨምሮለት፣ ሥነ ሥርዓት ተደርጎለት፣ ጭብጨባ ተጨብጭቦለት ከድህነት ይወጣል። ጋውን ብቻ ነው የቀረው። የጤፍና የዘይት ዋጋ በምረቃው ላይ እንዲገኙ አልተጋበዙም፤ ቢጋበዙ ንግግር ማድረጋቸው አይቀርም ነበር። ተመራቂው በማግስቱ ወድቆ ቢገኝ ደግሞ የማን ነው? የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የለውም።

ስቀልድ ሰምቶ ቅር የሚለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የገጠሩ ሴፍቲኔት ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያቀፈበት ዘመን ነበር፤ በክረምት መግቢያ ላይ በሬውን ከመሸጥ ያተረፈው ገበሬ ስለ አደረጃጀቱ ደንታ የለውም። ልክ ነው። የ2007ቱ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም ይህን የተበታተነ ነገር ባንድ ጥላ ሥር ላሰባስብ ብሎ ነበር የተነሣው። ጥላውን ማን ይያዝ የሚለው ላይ ነው ዝናቡ የመጣው። ኃላፊነቱን ተሸክሞ የነበረውን ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይንም ከሰባት ዓመት በኋላ ለሁለት ሰነጠቃችሁት።

ክቡር ታፔላ፣ እርስዎ ከፍ ብለው ስለተሰቀሉ ምናልባት አይታይዎት ይሆናል እንጂ፣ ላይ በስድስት መሥሪያ ቤት የተበተነው ሁሉ ወርዶ ወርዶ ወረዳ ላይ አንዲት ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛል። ይችን ቤት ለግብርና በአንድ ቅጽ፣ ለጤና መድኅን በሌላ ቅጽ፣ ለእርስዎ በሦስተኛ ቅጽ የምትሞላው እሷ ናት። የአያትየው ዕድሜ በየቅጹ ይለያያል፤ አያትም ራሳቸው የትኛው ትክክል እንደሆነ እርግጠኛ አይደሉም። ቀበሌ ላይ ደግሞ የክብካቤ ጥምረት የሚባሉ፣ ማን ጦሙን እንዳደረ ያለ ቅጽ የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ደመወዝም መኪናም ስለሌላቸው እስካሁን መልሶ ማዋቀር አልደረሰባቸውም። እባክዎ አያስታውሱባቸው።

ልመናዬ አጭር ነው። እርስዎ መቀየርዎ አይቀርም፤ ይቀየሩ፣ ብየዳ ቤቶችም ይብሉ። ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ ስም ከማሰባሰብዎ በፊት ስድስቱ መሥሪያ ቤቶች አንድ መዝገብ ይያዙ፤ ያችን ቤት ከነአያቷ፣ ከነእርጉዟ፣ ከነተማሪዋ አንድ ገጽ ላይ ይጻፏት፤ ያ ገጽም ቤተሰቡ በተዛወረበት ሁሉ ይከተለው። ባለሙያዋ ያን ገጽ ካገኘች ከበር ላይ የሚሰቀለው ምን እንደሚል ግድ ያላት አይመስለኝም።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ አባወራ
(የሚመለከተው ሚኒስቴር እስኪለይ ስሜን አቆይቻለሁ)

ግልባጭ፦
ለግብርና ሚኒስቴር
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር
ለከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር
ለአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን
ለወጣቶች፣ ባሉበት
ለወረዳዋ ባለሙያ፣ በስድስት ቅጂ፤ ለየፋይሉ አንድ አንድ