ገናን የማዘመን ሐሳብ፦ ለኮን ነዋሪዎች

የኮን ከተማና የመላው ዋድላ ሰዎች ሆይ፣ ዓለም ጥሏችሁ ሄዷል። እናንተ ዛሬም ገና ሲደርስ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ቆርጣችሁ፣ አንዲት ሩር መሃል ሜዳ ጥላችሁ፣ ላይኛው መንደር ከታችኛው ተቧድናችሁ እስኪመሽ ትራኮታላችሁ። ይህ ጨዋታ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ አንድ ቁጥር እንኳ አልተጨመረለትም። “ገና 2” የለ፣ “ገና 3” የለ። አምራቹ አይታወቅ፣ አትራፊው አይታወቅ። ያሳፍራል።

ስለዚህ የቪዲዮ ጌም ሊቃውንት ደክመው የደረሱባቸውን ፈጠራዎች ለሜዳችሁ አቀርባለሁ።

ከሁሉ በፊት ጨዋታው በየዓመቱ መሸጥ አለበት። ኢኤ ስፖርትስ የእግር ኳስ ጌሙን እንዴት እንደሚቸበችብ ተመልከቱ፦ መስከረም በጠባ ቁጥር አዲስ ቁጥር፣ አዲስ ሽፋን፣ አዲስ የተጫዋቾች ዝርዝር። እ.ኤ.አ. በ2023 ከፊፋ ጋር ተለያይቶ የጌሙን ስም “ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ” ሲለው እንኳ ኳሷ ክብ ሆና ቀጥላለች። ኮን ላይም ዱላው ያው የወይራ ዱላ ይሁን፤ ብቻ “የዘንድሮ እትም” የሚል ቀለም ይቀባና የዓምናው ዱላ ሜዳ እንዳይገባ ይከልከል።

ቀጥሎ ዱላው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሸጥ። ይህን ከዚያው ከኢኤ ጌም “አልቲሜት ቲም” ነው የተማርኩት። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ውስጡን የማያውቀውን እሽግ ይከፍታል፤ ሜሲ ሊወጣለት ይችላል፣ ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ተከላካይም ሊወጣለት ይችላል። ቤልጅጎች እ.ኤ.አ. በ2018 “ይህማ ቁማር ነው” ብለው ሲነሱበት፣ ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ እዚያ አገር ለእሽጉ የሚከፈለውን ነጥብ መሸጥ አቆመ። ቤልጅጎች ፈጠራ አይገባቸውም። በእኛ ሜዳ ድሃው ልጅ ጥቅሉን ሲፈታ የማሽላ አገዳ ይወጣለታል፤ የባለ ሱቁ ልጅ ደግሞ አሥር ጥቅል ገዝቶ ከአንዱ ወይራውን ያገኛል። እስከ ዛሬ በገና ሜዳ ጌታው በአሽከሩ ዱላ ቁርጭምጭሚቱን ቢመታ እንኳ መቆጣት ነውር ነበር። ምን ዓይነት ኪሳራ ነው! ጌታው እኮ ከፋይ ደንበኛ ሊሆን ይችል ነበር።

ሩሯም ኢንተርኔት ከሌለ እንዳትንከባለል ትደረግ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሲምሲቲ የተባለ ጌም ብቻውን ቁጭ ብሎ ከተማ የሚገነባን ሰው ሳይቀር ከሰርቨር ካልተገናኘህ አይሆንም ብሎ፣ ሰርቨሩ ሲጨናነቅ የገዙትን ሁሉ ደጅ አስጠንቷል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ እንዲህ ያለው ጌም የኮንን ልጅ እንዴት እንደሚያዝናናው አስቡት። ሩር ግን የሚዘጋባት ሰርቨር የላትም፤ ይህ ከባድ ጉድለት ነው።

አሁን ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ልግባ፤ ዋናው ጥፋት ያለው እዚያ ነው። በየከተማው ታውቁታላችሁ፦ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ክፍያው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ደግሞ ኮሜንታተርም ዳኛም ተሳዳቢም ናቸው። መብራት ድርግም ሲል ውጤቱ ስንት ለስንት እንደነበር ክርክሩ እስከ መንገድ ድረስ ይዘልቃል። ለዚህ ሁሉ ሳቅ የጌም ኩባንያው ሰባራ ሳንቲም አላገኘም! መፍትሔው ተጫዋቹን ከአግዳሚው ነቅሎ ቤቱ ማስገባት፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ መድፋትና ፊቱን ከማያውቀው ሰው ጋር ማጋጠም ነበር። ተሳክቷል።

በነዚህ ቤቶች ስንቱን ያንጫጫው የእግር ኳስ ጌም ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከርስ? አምራቹ ኮናሚ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2021 “ኢፉትቦል” ብሎ አዘመነው፤ የተጫዋቾቹ ፊት ተጣሞ፣ እንቅስቃሴያቸው ተንገዳግዶ ወጣ፤ በስቲም የጌም ገበያም እጅግ ከተወገዙት ጌሞች ተርታ ተሰለፈ። ኩባንያው ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። ለምን? ሳይጨርሱ ማቅረብ እኮ የዘመኑ ትልቁ ፈጠራ ነው። ኮንም የሜዳዋን ግማሽ ለገና ትክፈት፤ የቀረው ለትንሣኤ “አፕዴት” ሆኖ ይድረስ።

አንዳንድ የዋህ “ኧረ ፈጠራ ጨዋታ አሳምሯል፤ ያቋረጡትን አስቀምጦ ነገ መቀጠል፣ ጆይስቲክ ላይ በአውራ ጣት የሚሽከረከረው ዱላ፣ እጅ ላይ የሚንቀጠቀጠው ጆይስቲክ…” ይለኛል። አልክድም። እነዚያ ግን ወደ ተጫዋቹ እጅ ነበር የሚገቡት፤ እኔ የምሸጥላችሁ ወደ ኪሱ የሚገባውን ነው።

ለዚህ ዕቅዴ የሚያስፈራኝ የዋድላ ቅኔ ቤት ብቻ ነው። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ትናንትም ሁለት ቤት ነበር፣ ዛሬም ሁለት ነው፤ መወድስም ከስምንት ፈቅ አላለም። ተማሪው ግን የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ ቢቆም ያፍራል። ሕጉ አሮጌ፣ ጨዋታው በየቀኑ አዲስ! ለእኛ ሥራ ከዚህ የከፋ ጠላት የለም። እኛ የምናድሰው ሽፋኑን፣ ስሙንና ዋጋውን ነዋ፤ ጨዋታው የዓምናው ነው። ስለዚህ መሪጌቶቹ ይመከሩ፤ እንቢ ካሉም በመሃል እንስማማ፦ ሰሙ በነጻ፣ ወርቁ በክፍያ።

ሐሳቤን የምትቃወሙ ኮኖች ካላችሁ አቤቱታችሁን የምቀበለው በመተግበሪያዬ በኩል ብቻ ነው። መተግበሪያው ተሠርቶ አላለቀም፤ ክፍያ መቀበል ግን ጀምሯል።