ብራዚል ያልረገጠ የብራዚል ፀጉር

የዊግ ንግድን በሥርዓት ሊያጠና የተነሣ ተመራማሪ ገና በሩ ላይ ሥራ ፈት ይሆናል። ነጋዴዋ ቀድማው ሁሉን መድባ፣ ደረጃ ሰጥታ፣ ስም አውጥታ ጨርሳለች። መርካቶም ሆነ ፒያሳ፣ ሱቋ ጠባብ ናት። መደርደሪያው ላይ አንገታቸው ላይ ያለቁ የፕላስቲክ ጭንቅላቶች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ከምትገባው ደንበኛ የተሻለ ፀጉር አላቸው።

ምደባው ራሱ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊልያም ሆጋርት እ.ኤ.አ. በ1761 ባወጣው ሥዕል የዘመኑን ዊጎች እንደ ግሪክ ዓምዶች በአምስት ሥርዓት ከፍሎ፣ የጳጳሳቱን ለብቻ፣ የከተማ ሹማምንቱን ለብቻ፣ የሕግ ሰዎቹን ለብቻ አድርጎ አስቀምጧል። ዓላማው የአቴንስን ፍርስራሽ አንድ በአንድ ይለካ በነበረው በጄምስ ስቱዋርት ላይ መሳለቅ ነበር። የአዲስ አበባዋ ነጋዴ ግን ስትለካ አትቀልድም። ሁሉ ነገር በሜትር በሚለካበት ሀገር ፀጉርን በኢንች ትሸጣለች። «ባለ ሃያ» ያለችው 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ያህል ለማብቀል የሰው ልጅ ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከርል ከሆነ ደግሞ የሚለካው ተወጥሮ ነው። ስለዚህ ባለ ሃያው ጭንቅላት ላይ ሲወጣ ትከሻ ላይ ይቀራል። ቅር ያላት ደንበኛ ጎትታ ማየት ትችላለች።

የዊግ ታሪክ በሁለት ዘመን ይከፈላል፤ የእዩኝ እዩኝ ዘመንና የደብቁኝ ደብቁኝ ዘመን። የመጀመሪያው እጅግ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በላይኛው ግብፅ ዲር ኤል መዲና ከተገኘው መቃብር የወጣው የወይዘሮ ሜሪት ዊግ ዛሬ ቱሪን ሙዚየም ተቀምጧል። ከ3,300 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከሰው ፀጉር የተሠራ ነው፤ አልረገፈም። ይህን ነጋዴዋ ብትሰማ «ዋስትና አለው» ስትል የቆየችበትን ቃል የሚደግፍላት የመጀመሪያው ማስረጃ ይሆን ነበር።

በፈረንሳይ ሉዊ 13ኛ ገና በወጣትነቱ ፀጉሩ ሲሳሳ ዊግ አደረገ። ልጁ ሉዊ 14ኛ ነገሩን አግዝፎ ከፍ አደረገው፤ መሳፍንቱም ተከተሉ። በዚያ ዘመን ዊጉን የሚደብቅ ሰው አልነበረም፤ የሚደበቀው ዊግ ማጣት ነበር።

ፋሽን ግን ይዞራል፤ ሲዞርም መጀመሪያ የሚሰማው ነጋዴው ነው። እ.ኤ.አ. በ1765 የለንደን ዊግ ሠሪዎች፣ ጌቶች የገዛ ፀጉራቸውን እያበጠሩ መውጣት ስለ ጀመሩ ገበያ አጣን ብለው ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ዘንድ አቤት አሉ። ንጉሡ ዊግ ማድረግን እንዲያዝላቸው ነበር ልመናው። ችግሩ፣ ለአቤቱታ ከወጡት ብዙዎቹ ራሳቸው ዊግ አላደረጉም። ይህን ያየው የከተማ ሰው ተናዶ የአንዳንዶቹን ፀጉር እዚያው መንገድ ላይ ሸለተው። የደንበኛ አስተያየት ከዚህ በበለጠ ግልጽነት ቀርቦ አያውቅም። ከ30 ዓመት በኋላ በፀጉር ዱቄት ላይ የአንድ ጊኒ ዓመታዊ ግብር ሲጣል የወንዶቹ ዊግ ነገር ወደ ማብቃቱ ተቃረበ፤ ውሎ አድሮ የዳኞችና የጠበቆቹ ብቻ ቀረ።

ንግዱን ዳግም ያነሣችው እስያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1957 ጃፓኖች ካኔካሎን የሚባለውን ሰው ሠራሽ ክር ለገበያ አበቁ፤ ዛሬ በየፀጉር ቤቱ ብሬድ የሚሠራበት ክር የዚሁ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ሴቶች የዊግ ፍቅር ሲይዛቸው ደቡብ ኮሪያና ሆንግ ኮንግ አቅራቢ ሆኑ። አሜሪካ በበኩሏ በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ከኮሚኒስት ቻይና የመጣ ፀጉር እንዳይገባ ከለከለች፤ ከእስያ የሚመጣው ዊግ ሁሉ ከየት እንደተነሣ ማስረጃ ተጠየቀ። ፀጉር የፖለቲካ አቋም እንዳለው በይፋ የታወቀው ያኔ ነው።

የአዲስ አበባዋ ነጋዴ የሥራ ዘመን ደግሞ በሻንጣ ይጀምራል። ዱባይ፣ ባንኮክ፣ ጓንዡ ደርሳ ትመለሳለች፤ ሻንጣው ሱቅ ይወልዳል፤ ሱቁ የቴሌግራም ገጽ ይወልዳል። አፍሮ ሄዶ ብሬድ ሲመጣ ክር ሸጠች፤ ብሬድ ሲሰለች ለስፌት የሚሆን ሂውማን ሄር አስመጣች፤ አሁን ዊጉን አዘጋጅታ ትሰጣለች። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ምግብ የምትበላበት ጊዜ አይኖራትም፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ የጭንቅላቶቹን አቧራ ታራግፋለች። ስለዚህ ሁሉ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ሰፊ ማብራሪያ የሚሻ አንድ ንዑስ ክፍል ግን አለ፤ እሱም «ብራዚሊያን» ነው።

ብራዚሊያን ከፔሩቪያን፣ ከማሌዢያንና ከካምቦዲያን ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ነው። የቤተሰቡ መለያ ጠባይ አብዛኛው ስሙ የተጠራበትን ሀገር አለማወቁ ነው። ለገበያ የሚቀርበው የሰው ፀጉር በብዛት የሚነሣው ከህንድና ከቻይና ነው። በደቡብ ህንድ ቲሩፓቲ የሚገኘው ቤተ መቅደስ ስለት ያላቸው ምእመናን ፀጉራቸውን የሚላጩበት ቦታ ነው፤ ቤተ መቅደሱ የተሰበሰበውን በጨረታ ይሸጣል። ከየሀገሩ ከተገዛው ብዙው በቻይና ሄናን ግዛት ሹቻንግ ከተማ ይበጠራል፣ ይቀለማል፣ ይሰፋል፣ ዜግነትም ያገኛል። ለስላሳ ሞገድ ያለው ብራዚላዊ፣ ወፍራሙ ፔሩያዊ ይሆናል። ፓስፖርት እንዲህ በቀላሉ የሚሰጥበት ሌላ ሙያ የለም።

ከዜግነት ቀጥሎ ማዕረግ ይመጣል። ሰባት ኤ፣ አሥር ኤ፣ አሥራ ሁለት ኤ። ይህን ደረጃ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ አካል የለም፤ የሚያወጡት ፋብሪካዎቹና ሻጮቹ ናቸው። ፊደሉ ኤ ላይ ተተክሏል፤ ቢ የሚባል ፀጉር በዚህ ምድር ላይ አልበቀለም። ከፍ የሚለው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ከዓመታት በፊት አንደኛ የነበረው ስድስት ኤ ዛሬ ማንም ስሙን አያነሣለትም። የደረጃው ቁጥር ሲያድግ ፀጉሩ አብሮ ስለማደጉ ነጋዴዋ ስትጠየቅ ክብሪት ታነሣለች።

የክብሪቱ ፈተና በቅርብ መታየት ያለበት ነገር ነው። ከስፌቱ ጀርባ አንዲት ዘለላ ትመዝዛለች፣ በሁለት ጣቷ ትይዛታለች፣ ትለኩሳታለች። ዘለላዋ ጠመዝመዝ ብላ ትቃጠላለች፤ የተለበለበ የዶሮ ላባ ሽታ ሱቁን ይሞላዋል። የቀረውን በጣቷ ስታሸው አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ቢሆን ቀልጦ እንደ ዶቃ በደረቀ ነበር። «አሽትቺው የኔ እህት! አየሽ?» ደንበኛዋ ታሸትታለች፤ አሳማኝ ነው። ፈተናው ግን የሰው ፀጉር መሆኑን እንጂ የማን ሀገር ሰው እንደሆነ፣ አሥር ይሁን አሥራ ሁለት አይናገርም። ከየማበጠሪያው ተለቅሞ፣ ቅርፊቱ በአሲድ ተነሥቶ፣ ሲሊኮን የተቀባውም ፀጉር ሲቃጠል ላባ ላባ ይሸታል። እሱ ጉዱ የሚወጣው ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ነው።

ያም ሆኖ የነጋዴዋ እጅ አይሳሳትም። ለራሷ ስትገዛ ክብሪትም ቁጥርም አትፈልግም። ዘለላውን ከጫፍ ወደ ሥር በጣቶቿ አንዴ ትስበዋለች፤ ሻከር ካለ ቅርፊቱ አለ፣ ትይዘዋለች፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሙልጭ ካለ ትተወዋለች። ይህን ሙያ የትኛውም ማሸጊያ ላይ አልጻፉትም።

ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ደብቁኝ ደብቁኝ ዘመን እንለፍ። በፊልምና በመድረክ ሲሠራበት የኖረው ሌስ የሚባለው ስስ መረብ ወደ ሰፈር ከወረደ ወዲህ ዊግ ዋና ሥራው አለመታወቅ ሆነ። ፀጉሩ መረቡ ላይ የታሰረበት ቋጠሮ በብሊች ይነጣል፤ ግንባር ላይ ያለው መስመር በወረንጦ ይሳሳል፤ ጠርዙ ላይ ቤቢ ሄር ይተኛል። ፀጉር አነሰኝ ብላ የመጣች ሴት የገዛችው ፀጉር እንዲነቀልላት ተጨማሪ ትከፍላለች። ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር ዊጉ ምንም ያልተከፈለበት ይመስላል፤ ሉዊ 14ኛ ይህን ቢሰማ በሳቅ ይሞት ነበር።

የመጨረሻው ምዕራፍ ደንበኞችን በሦስት ሊመድብ ታቅዶ ነበር። አንደኛዋ «ለእህቴ ነው» የምትለዋ ናት፤ የእህቷ ጭንቅላት ልክ ከእሷ ጋር እኩል ነው። ሁለተኛዋ ሙሽራ ናት፤ ከአራት ሚዜ ጋር ትመጣለች፣ ሚዜዎቹ አምስት የተለያየ ሐሳብ አላቸው። ሦስተኛዋ ፀጉሯ በሕመም የረገፈባት ናት፤ ለእሷ ነጋዴዋ መጋረጃውን ትስባለች፣ ስለ ብራዚልም ስለ ኤ ደረጃም አታወራም፣ መስታወቱን ይዛላት ትቆማለች። ነገር ግን ሦስቱም ወደ ዋጋው ሲደርሱ በአንድ ድምፅ «መጨረሻውን ንገሪኝ» ስለሚሉ ምደባው ሊጸና አልቻለም። ነጋዴዋም ለሦስቱም ያንኑ ካልኩሌተር አዙራ ታሳያለች፤ «በማርያም፣ ከዚህ በታች ኪሳራ ነው» ትልና ሌላ ሁለት መቶ ብር ትቀንሳለች።