እጅ በኪስ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ተራ መነጽሩን አድርጎ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከቶ፣ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ውድድር ከጓደኛው ጋር ብር ወሰደ። ዓለም ጉድ አለ። ሆሳዕናን ግን ምን ይገርማታል? ከእሷ እስከ ዱራሜ፣ በየመንገዱ ጥግ እጁን ኪሱ ከቶ ከደቡብ አፍሪካ ስልክ የሚጠብቅ ወጣት ሞልቷል። አቋቋሙን ችሎታል፤ የቀረው ሽጉጡ ነው።

ሃንጋሪያዊው ካሮሊ ታካችማ ቦምብ ቀኝ እጁን ቢያበላሽበት፣ በግራው ተለማምዶ እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ኦሊምፒክ ላይ ወርቅ አጠለቀ። በእኛ አገር ሰርግ ሁለት እጁ ደህና የሆነው ሁሉ ወደ ሰማይ ይተኩሳል፤ ሰማይን የሳተ እስካሁን አልተሰማም። የአየር ሽጉጥ ኢላማ ባለ 10 ነጥብ ክብ ግን ወርዷ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።