መብራት መጣ፣ ተነሱ!

ኩባ ያሳደገችኝ አገር ናት፤ ብነጫነጭባት ማንም አይቆጣኝም። በደርግ ዘመን በመርከብ ተጭነን የወጣቶች ደሴት ላይ ከወረድነው ልጆች አንዱ ነኝ። ግማሽ ቀን ቀለም፣ ግማሽ ቀን ግሬፕ ፍሩት ለቀማ። ያኔ መብራት ነበር ወይ? እንዴታ! ሶቪየት ነዳጁን ታንቆረቁረው ነበር።

ዛሬ እዚያው ሃቫና አግብቶ የቀረ ጓደኛዬ በውድቅት ሌሊት ይደውላል። «ምነው፣ በደህና?» ስለው «መብራት መጣ!» ይለኛል። ሰፈሩ በሙሉ ነቅቷል፤ አንዷ ልብስ ትተኩሳለች፣ አንዱ በፓምፕ ውሃ ይሞላል፣ ባለቤቱ ሩዝ ጥዳለች። ሩዙ ግማሽ ሲበስል መብራቱ እብስ!

ለመሆኑ ይህን ሕዝብ በኤሌክትሪክ ድስት ያስተሳሰረው ማን ነው? ፊደል ካስትሮ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ስለ ሩዝ ማብሰያ እንደ ባልትና መምህር አስተማሩ። የቻይና ድስት በየቤቱ ታደለ፣ የላምባ ምድጃ ተጣለ። እኔ ብሆን ምድጃዬን አልጥልም ነበር፤ ግን ሽማግሌን ማን ይሰማል!

ማመንጫዎቹማ አርጅተዋል። ማታንሳስ ያለችው አንቶኒዮ ጊቴራስ እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ የጀመረች ናት፤ የምታቃጥለው የአገሬው ድፍድፍ ወፍራም፣ ድኝ የሞላበት፣ ቦይለር የሚበላ ነው። በጥቅምት 2024 እሷ ቀጥ ስትል አገሩ በአንዴ ጨለመ። (የኛዋ ትንሿ ደሴት ከዋናው መስመር ጋር አልተገናኘችም፤ ትኩራ!) ሲየንፉዌጎስ አጠገብ ሶቪየቶች የጀመሩት የኑክሌር ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1992 ቆሞ ቀረ፤ ጉልላቱ ብቻ ተገትሯል። ቬኔዙዌላም ነዳጇን ቀነሰች። ይባስ ብሎ ማመንጫ የተጫነባቸው የቱርክ መርከቦች ተከራዩ። መብራት በኪራይ! ይህንንም ለማየት በቃሁ።

ፈላጊው ግን አይቀንስም። ቤንዚን ያጣው ወጣት የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ሳሎን ውስጥ ይሰካዋል። ያለው ደግሞ ኤሲ ያስገባል። ሙቀቱን ስለማውቀው አልፈርድበትም፤ ግን ያቺ አሮጊት ማመንጫ ስንቱን ትሸከም?

አሁን የቻይና የፀሐይ ሰሌዳ በየሜዳው ተነጥፏል። ደግ አደረጉ። ግን ሕዝቡ ድስት የሚጥደው ለእራት ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ለእራት አትቆይም፣ የቀኑን የሚያቆይ ባትሪም ገና ጥቂት ነው። ባትሪ ይግዙ እንጂ!

እስከዚያው ሃቫና የምትሄዱ ልጆች፣ ለጓደኛዬ ኩራዝና ክብሪት ውሰዱለት። ሩዝ ማብሰያ ብትወስዱለት ግን በሩን ይዘጋባችኋል።