ከችሎት በኋላ፣ ከቪዛ በፊት፦ በአንበሳ ግቢ ይሰጥ ስለነበረው የቃል ፈተና

ስለ ውጭ አገር ጉዲፈቻ ብዙ ተጽፏል። የሕግ ሰዎች አዋጁን መርምረዋል፤ ጋዜጠኞች የድለላውን ገበያ አጋልጠዋል፤ ለድህነቱ ጥናት የወጣው ወረቀትም ትንሽ አይደለም። አንበሳ ግቢ በር ላይ በርጩማ ይዞ የተቀመጠ ተመራማሪ ግን አልተሰማም። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ልጅ ለመውሰድ አዲስ አበባ የመጣው የፈረንጅ ቤተሰብ፣ በፍርድ ቤቱ ውሳኔና በኤምባሲው ቀጠሮ መካከል በተዘረጋው ባዶ ጊዜ፣ ሕፃኑን ታቅፎ ስድስት ኪሎ ወዳለው አንበሳ ግቢ ሲወጣ የሚዝናና ይመስለው ነበር። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ሌላ ነው፦ ጉብኝቱ የጉዲፈቻው ሥርዓት አንድ ደረጃ፣ ያውም የመጨረሻው የወላጅነት ፈተና ነበር። ፈታኙ ሕዝቡ፣ ተፈታኙ ቤተሰቡ ሲሆን አንበሳው በታዛቢነት ተገኝቷል።

መነሻችን ሕጉ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት እንዲሞላው ይጠይቃል፤ ልጁን እንደ ራሱ ልጅ አድርጎ እንደሚይዘውና እንደማይበድለው የሚያስረዳ መረጃ መኖሩንም ፍርድ ቤቱ እንዲያይ ያዛል። ጥሩ ድንጋጌ ነው። ችግሩ መረጃው ከየት ይገኛል የሚለው ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው ፋይል ወፍራም ነበር፤ የጣት አሻራ፣ የጤና ምርመራ፣ የገቢ ማስረጃ፣ ቤታቸው ድረስ ሄዶ የጎበኛቸው ባለሙያ የጻፈው ዘገባ። ከዚህ ሁሉ ወረቀት መሐል ሰውዬው ይህን ልጅ እንዴት እንደሚታቀፈው የሚናገር አንድ ገጽ አይገኝም፤ ሊገኝም አይችልም፣ ሲጻፍ ልጁ አልነበረማ። ችሎቱም የሚያየው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ አብዛኞቹ አሜሪካውያን ሁለት ጊዜ ይመላለሱ ስለነበር፣ በመጀመሪያው ጉዞ ልጁ ከማሳደጊያው ሳይወጣ ይቀራል። ወላጆቹ ልጁን ይዘው ሕዝብ ፊት የሚወጡት በሁለተኛው ነው። ሕጉ የጠየቀው መረጃ የሚገኝበት ቦታ በዚህ ይታወቃል።

የሚጎበኘው አንበሳው አልነበረም ለማለት ማስረጃው አንበሳው ራሱ ነው። ግቢውን አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲመሠርቱት የገቡት አንበሶች ሰባት ነበሩ፤ አምስት ወንድና ሁለት ሴት። ዘራቸው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለየ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት አረጋግጧል። ጥቁሩ ጎፈራቸው ከአንገት አልፎ ደረትና ሆድ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ባለታሪክ እንስሳ ግን ከቀኑ 24 ሰዓት ውስጥ እስከ 20 የሚደርሰውን ተኝቶ ያሳልፋል። ነቅቶ የሚንቀሳቀስ፣ ቦርሳ የሚፈታ፣ ጡጦ የሚያናውጥ፣ የሕፃን ካልሲ ከመሬት የሚያነሳ ፍጡር ያለው ከአጥሩ በዚህኛው ወገን ነው። አገሬው ገንዘቡን የከፈለው ሊያይ ነውና የሚታይ ነገር ወዳለበት ዞረ። ቤተሰቡ አንበሳውን ፎቶ ያነሳል፤ ተመልካቹ ቤተሰቡን ያያል፤ ሕፃኑ የአባቱን መነጽር ይስባል። አንበሳ የሚያይ ሰው ቢኖር አባትየው ብቻ ነው፤ እሱም መነጽሩን እስኪነጠቅ።

ፈተናው የቃል ነው፤ ወረቀት የለውም። መጀመሪያ የሚመረመረው አያያዝ ነው። ፈረንጅ ሕፃን በደረቱ አንጠልጥሎ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ፣ እግሩን አየር ላይ ለቆ ይሄዳል፤ ይህ በአንቀልባ ታዝሎ ላደገ ሕዝብ ልጁን ለንፋስ እንደ መስጠት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አስተያየት ሆኖ ይመጣል፦ «ኧረ ብርድ ይመታዋል!» ቀጥሎ ኮፍያ አለመኖሩ፣ ቀጥሎ የፀጉሩ መድረቅና የቅቤ ጉዳይ። አንዳንዷ ፈታኝ በቃል አትወሰንም፤ ነጠላዋን አውልቃ የልጁን እግር ትሸፍንና መንገዷን ለመቀጠል ታመነታለች። ውጤቱ በሁለት መንገድ ይገለጻል፦ አንዱ «ያሳድግልሽ» የሚል ምርቃት፣ ሌላው ከንፈር መምጠጥ። ሁለቱ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ አንዲት ፈታኝ ለአንድ ተፈታኝ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሁለቱንም ልትሰጥ ትችላለች፤ የፍርድ ቤት መዝገብ እንዲህ ያለ ውሳኔ ለመያዝ ዓምድ የለውም።

ተቃውሞ ይነሳል። ቤተሰቡ አንበሳ ግቢ የሄደው ሕፃን ይዞ የሚኬድበት ሌላ ቦታ ስላጣ ነው ይባላል። ብሔራዊ ሙዚየም ግን ቅርብ ነው፤ እዚያ ያለችው ሉሲም ቢሆን ከተኛ አንበሳ ያነሰ አትንቀሳቀስም። ልዩነቱ ሙዚየም ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ነው፤ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ፈታኝ ደግሞ አይፈትንም። ፈታኞቹን ማን ሾማቸው የሚለው ተቃውሞ ይከብዳል፤ እስቲ ከተሾሙት ጋር እናወዳድራቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የበጀት ዓመት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ሄደዋል፤ በማግሥቱ ዓመት መንግሥት በቀን እስከ 50 ይታይ የነበረውን ጉዳይ ወደ 5 አወርዳለሁ ሲል ምክንያቱ በጥንቃቄ ለመመርመር ነበር። የአጥሩ ዳር እናቶች ኮታ አልተቆረጠላቸውም፤ እሑድ እንኳ ይሠራሉ፤ ጥንቃቄ አነሳቸው ብሎ የከሰሳቸውም የለም።

በቲኬት ጉዳይ ግን ሥርዓቱ ክፍተት እንደነበረበት አልክድም። ለአገር ሰውና ለውጭ አገር ሰው ዋጋው ይለያይ ነበር። ልጁስ? በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ውሳኔ የፈረንጅ ልጅ ሆኗል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ዜግነቱን የሚያገኘው አገሯን ሲረግጥ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ የቆመው የውጭ ሰዎች ልጅ የሆነ የአገር ሰው ነው። ቲኬት ቆራጩ ይህን የዓለም አቀፍ ሕግ እንቆቅልሽ በእጅ ምልክት ፈትቶ ያሳልፈዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን በየትኛውም ፎርም ላይ ያልነበረው ነው፦ «እናቱስ?» ይህን አጥሩ ዳር ሳይጠይቁ ያለፉ ጥቂት ናቸው። ከአጥሩ ጀርባ የተኙት አንበሶች መሥራች አባቶችና እናቶች በቁጥር ይታወቃሉ፤ የአንዳንዱ ልጅ ፋይል ግን እዚህ ቦታ ላይ «አይታወቅም» ብሎ ያልፍ ነበር። ወላጆቹ አማርኛ ስለማይሰሙ ወደ ሾፌሩ ይዞራሉ። በዚህ ፈተና መዝገብ ቤቱ ሾፌሩ ነው፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ቅቤው፣ ስለ እናትየው የተባለውን ሁሉ አጠቃሎ «ቆንጆ ልጅ ነው እያሉ ነው» ይላቸዋል። እነሱም ፈገግ ብለው ያመሰግናሉ፤ ይህ ትሕትና እንደሆነ ተቆጥሮ ነጥብ ይጨመርላቸዋል።

በ2010 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን ሲዘጋ ፈተናውም ተፈታኝ አጣ። የተሻለ ማደሪያ ያላቸው አንበሶች የሚታዩበት አንድነት ፓርክ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ለጥናታችን መረጃ አይሰጥም። ከቀሩት ጉዳዮች አንዱን ብቻ ልጥቀስ፦ ያኔ በእጅ ምልክት ያለፈው ሕፃን አድጎ፣ በአሜሪካ ፓስፖርት፣ ብቻውን ሲመለስ ቲኬት ቆራጩ መልኩን አይቶ በአማርኛ ያናግረዋል፤ መልስ ሲያጣ የውጭ ሰው ዋጋ ያስከፍለዋል። የዋጋው ልዩነት በማን ሒሳብ እንደሚወራረድ ውሳኔው ላይ አልተጻፈም።